ሳይልኩት ወዴት? ከመሥራት በፊት እግዚአብሔርን ስለ ማዳመጥ



አባቶቻችን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚል ምሳሌ አላቸው። ይህ ምሳሌ የሚገሥጸው ሰነፉን ሰው አይደለም። ሰነፍማ ቢጠሩትም አቤት አይልም፤ ቢልኩትም አይነሣም። ምሳሌው የሚገሥጸው ትጉሁን ነው፤ እግሩ ፈጣን፣ እጁም ለሥራ የተዘጋጀ ሆኖ ሳለ የጌታውን ድምፅ ሳይሰማ የሚነሣውን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ይደክማል፤ ረጅም መንገድም ይሄዳል፤ ማን እንደ ላከው ሲጠየቅ ግን መልስ የለውም።

በመንፈሳዊ ሕይወትም ነገሩ ይኸው ነው። ስለ ስንፍና ብዙ ጊዜ ተሰብኮአል፤ ወደፊትም ሊሰበክ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ግን የምንነጋገረው በትጉሃን ዘንድ ስለሚገኝ ፈተና ነው፤ ይኸውም እግዚአብሔርን ሳያዳምጡ ለእግዚአብሔር መሥራት ነው። ይህ ፈተና የሚያገኘው ቤተ ክርስቲያንን የተወውን ሰው ሳይሆን መሥዋዕተ ቅዳሴ የሚያሳርገውን ካህን፣ ሕፃናትን የሚያስተምረውን መምህር፣ በቁምስናው ጉዳይ የሚመክረውን ሽማግሌ፣ ለልጆቻቸው የሚጨነቁትን አባትና እናት ነው። ቅዱስ መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ካስቀመጠልን ታሪኮች መካከል በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 የተጻፈው የገባዖን ሰዎች ታሪክ ብዙ የሚያስተምረን ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆይ።

የሻገተው እንጀራ

ኢያሪኮና ጋይ ከወደቁ በኋላ የእስራኤል ልጆች በጌልገላ ሰፍረው ሳሉ መልእክተኞች ወደ ኢያሱ ቀረቡ። ጫማቸው ያረጀና የተጠጋገነ፣ ልብሳቸው የነተበ፣ የወይን ጠጅ አቁማዳቸው የተቀደደና የተቋጠረ ነበር፤ ለስንቅ የያዙትም እንጀራ ደርቆ ሻግቶ ነበር። እጅግ ሩቅ ከሆነ አገር እንደ መጡ ተናገሩ፤ ከእስራኤልም ጋር የሰላም ቃል ኪዳን ለማድረግ ለመኑ።

መልእክተኞቹ ግን ከሩቅ አገር አልመጡም። የገባዖን ከተማ ሰዎች ነበሩ። ገባዖን ዛሬ ኤል ጂብ በምትባለው፣ ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው መንደር ስፍራ የነበረች ከተማ ናት። ከጌልገላ ምን ያህል እንደምትርቅ ለማወቅ የሚቀጥለውን ምዕራፍ መመልከት ይበቃል፤ ኢያሱ ከሠራዊቱ ጋር ሌሊቱን ሁሉ ገሥግሦ ደርሶባታልና (ኢያ. 10፥9)። እንግዲህ ሩቅ አገር የተባለው የአንድ ሌሊት መንገድ ነበር።

እስራኤላውያን ከቶ አልጠረጠሩም ማለት አይቻልም። እነዚህ እንግዶች ምናልባት በአጠገባቸው የሚኖሩ ሰዎች እንዳይሆኑ ሠግተው ጠይቀዋቸዋል (ኢያ. 9፥7)። ነገር ግን ጥርጣሬአቸውን ይዘው የሄዱት ወደ ማን ነው? ወደ ጠረጠሩት ሰው ወደ ራሱ ነው። እርሱም የሻገተውን እንጀራ አሳያቸው። ከስንቁም ወስደው ተመለከቱ፤ የእግዚአብሔርን አፍ ግን እንዳልጠየቁ መጽሐፉ በአጭር ቃል ይመሰክራል (ኢያ. 9፥14)። ኢያሱ ቃል ኪዳን አደረገ፤ የማኅበሩም አለቆች ማሉላቸው። በሦስተኛው ቀን እውነቱ ተገለጠ።

ለመጠየቅ መንገድ አጥተው ነበርን? አላጡም። ኢያሱ የሙሴን ስፍራ በተረከበ ጊዜ በካህኑ በአልዓዛር ፊት እንዲቆም፣ ካህኑም በኡሪም ፍርድ እግዚአብሔርን እንዲጠይቅለት፣ ሕዝቡም በዚያ ቃል እንዲወጣና እንዲገባ ታዝዞ ነበር (ዘኍ. 27፥21)። ካህኑ በሰፈሩ ውስጥ ነበረ። የጐደለው መንገድ አልነበረም፤ የጐደለው ጥቂት መታገሥና ካህኑ ወዳለበት ድንኳን መሄድ ብቻ ነበር።

ለምን አልጠየቁም?

መጽሐፉ ምክንያቱን በግልጽ አይነግረንም፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ሦስት ነገሮች ይታያሉ።

የመጀመሪያው፣ ዓይን ጆሮን መቅደሙ ነው። ማስረጃው በፊታቸው ነበር። የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ሲቀርብልን ሌላ ድምፅ መጠበቅ የዋህነት ይመስለናል። የሻገተው እንጀራ ግን ውሸት አልነበረም፤ በእርግጥ የሻገተ እንጀራ ነበር። ውሸቱ በእንጀራው ላይ የተነገረው ታሪክ ነው። ዓይን እንጀራውን ሊያይ ይችላል፤ ልብን የሚያይ ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ የመልእክተኞቹ ንግግር መንፈሳዊ መምሰሉ ነው። የመጡት ስለ እግዚአብሔር ስም እንደ ሆነ፣ በግብፅ ያደረገውንም ሁሉ እንደ ሰሙ ተናገሩ (ኢያ. 9፥9-10)። የእግዚአብሔር ስም የተጠራበት ነገር ሁሉ ከእግዚአብሔር የመጣ ይመስለናል፤ ስለዚህም መመርመሩን እንተዋለን። የቤተ ክርስቲያን ሥራ የሚል ስም ያለው እቅድ ሁሉ ግን ጌታ ያዘዘው ሥራ አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ እኛን ይመለከታል። ይህ ከመሆኑ አስቀድሞ በምዕራፍ 8 መጨረሻ ኢያሱ በጌባል ተራራ መሠዊያ ሠርቶ፣ የሕጉን ቃል ሁሉ በጉባኤው ፊት፣ በሴቶችና በሕፃናትም ፊት አንብቦ ነበር፤ ሳይነበብ የቀረ ቃል አልነበረም። ይህ ሁሉ ከተሰማ በኋላ በሚቀጥለው ምዕራፍ አልጠየቁም። እንግዲህ የእግዚአብሔርን ቃል ሲነበብ መስማት ይቻላል፤ ከዚያም ወጥቶ፣ ቃሉን እንዳልሰማ ሰው፣ ጉዳይን በራስ ምክር መቍረጥ ይቻላል። መምህራን ሆይ፣ ቃሉን በእጃችን ይዘን የምንውል እኛ ለዚህ ፈተና ከሌላው ሰው ይልቅ እንቀርባለን።

ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ዋጋው

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። አንዳንዱ የፈሰሰ ነገር ግን የሚለቀመው በልጅ ልጅ ዘመን ነው።

እውነቱ በተገለጠ ጊዜ ማኅበሩ በአለቆቹ ላይ አጕረመረመ። አለቆቹ በዚህ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ በእግዚአብሔር ስም የማሉትን መሐላ አላፈረሱም (ኢያ. 9፥18-19)። ይህን ልብ እንበለው፤ ሳናዳምጥ የሠራነውን ስሕተት በሌላ ችኰላ ማፍረስ ማዳመጥ አይደለም። ሳይጠይቅ ቃል የሰጠ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያዳምጠው የመጀመሪያው ነገር የሰጠውን ቃል መጠበቅ ሊሆን ይችላል።

ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ንጉሥ ሳኦል ለእስራኤል ቀንቶ ገባዖናውያንን ሊያጠፋ ተነሣ፤ መሐላውም ተደፈረ። በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ተከታታይ ረኃብ ሆነ። ዳዊት የእግዚአብሔርን ፊት በፈለገ ጊዜ ምክንያቱ በገባዖናውያን ላይ የፈሰሰው ደም እንደ ሆነ ሰማ (2ኛ ሳሙ. 21፥1-2)። ከዚህ በኋላ ዳዊት ገባዖናውያንን ጠርቶ ምን እንዲያደርግላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። የረኃቡን ምክንያት እግዚአብሔርን ጠይቆ ነበር፤ መፍትሔውን ግን እግዚአብሔርን እንደ ጠየቀ መጽሐፉ አይነግረንም። ገባዖናውያን ከሳኦል ቤት ሰባት ሰዎችን ጠየቁ፤ ተሰጡአቸውም፤ ተሰቀሉም። የሁለቱ እናት ሪጽፋ ማቅ ወስዳ በዓለት ላይ ዘረጋች፤ ከመከር መጀመሪያ አንሥቶ ዝናብ እስኪዘንብባቸው ድረስ ቀን ወፎችን፣ ሌሊት የዱር አራዊትን ከልጆችዋ ሬሳ ትከላከል ነበር (2ኛ ሳሙ. 21፥10)።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በጌልገላ የተዘለለችው ያች አንዲት ጥያቄ የት እንደ ደረሰች ተመልከቱ። ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም፤ ሳኦልም የራሱን በደል ጨምሮበታል። ነገር ግን ሰዎች ሳይጠይቁ በገቡበት ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚከፍሉት ውሳኔውን ያልወሰኑት ናቸው። በመጨረሻ በዓለቱ ላይ ቁጭ ያለችው እናት ናት።

በእኛ ዘመን የሚቀርብልን ስንቅ

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። ደላላ ወደ አንድ ቤት ይገባል። በሩቅ አገር ስላለው ሥራ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ጐረቤት ልጅ ያሠራችው ቤት ይናገራል፤ ፎቶግራፍም ያሳያል። ፎቶግራፉ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ሻገተው እንጀራ። በዚያው ሳምንት ብድር ይወሰዳል፤ ልጅቱም ወደ ዓረብ አገር ትሸኛለች። መሄድ ሁሉ ኃጢአት ነው አልልም፤ በስደት ሆነው በላባቸው ወላጆቻቸውን የሚጦሩ፣ እምነታቸውንም በታላቅ ትዕግሥት የሚጠብቁ እኅቶች አሉን። ጥያቄው ሌላ ነው። በዚያ ሳምንት ውስጥ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የጸለየበት ሰዓት ነበርን? ልጅቱ ራስዋ የምትፈራውን ነገር እንድትናገር ተጠይቃለችን? ሄደው የተመለሱት ሰዎች መከራቸውን ሲያወሩ ተሰምተዋልን? ወይስ ስንቁ ታየና መሐላው ተማለ?

እንዲሁም ጋብቻ አለ። ለድግሱ ወራት ሙሉ እንዘጋጃለን፤ ሁለቱ ወጣቶች ግን ጌታ ወደዚህ ምሥጢር ጠርቶአቸው እንደ ሆነ በጸጥታ የሚመረምሩበት አንድ ቀን ያጣሉ። የርስትና የድንበር ክርክር አለ፤ ወንድም ወንድሙን ለመክሰስ ከመነሣቱ በፊት ያነበበው ወንጌል የትኛው ነው? የቁምስና ሥራ አለ፤ አዳራሽ ይታቀዳል፣ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ አዳራሹ ለማን እንደሚያስፈልግ ግን በቁምስናው ያሉ ድኾች ሳይጠየቁ ይቀራል። በእነዚህ ሁሉ በጎ ፈቃድ አልጐደለም። የጐደለው መጠየቅ ነው።

ጌታችን እንዴት አደረገ?

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የአብ ቃል ሆኖ ሳለ፣ አብን በማዳመጥ ኖረ። ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ከመምረጡ በፊት በተራራ ላይ ሌሊቱን ሁሉ በጸሎት አደረ (ሉቃ. 6፥12-13)። በቅፍርናሆምም ብዙ ድውያንን ከፈወሰ በኋላ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ጸለየ። ስምዖንና ከእርሱ ጋር የነበሩት ደርሰው ሁሉ እንደሚፈልገው ነገሩት። ጌታ ግን ወደ ሌሎች መንደሮች ሄዶ እንዲሰብክ፣ የመጣውም ለዚህ እንደ ሆነ መለሰላቸው (ማር. 1፥35-38)።

ይህን መልስ በትኩረት እንየው። በቅፍርናሆም የቀሩ ሕመምተኞች አልነበሩም ማለት አይደለም። ሥራው መልካም ነበር፤ ሕዝቡም ይፈልገው ነበር፤ ደቀ መዛሙርቱም ደስ ብሎአቸው ነበር። ጌታ ግን የሚቀጥለውን እርምጃ ከሕዝቡ ፍላጎት ሳይሆን ከአብ ፈቃድ ተቀበለ። የማያዳምጥ ሰው ከክፉ ነገር ሊርቅ ይችል ይሆናል፤ ከብዙ መልካም ነገሮች መካከል የተላከበትን መለየት ግን አይችልም።

ማዳመጥ መዘግየት አይደለም

ይህን ስንል አንድ ስሕተት እንዳንሠራ እንጠንቀቅ። ማዳመጥን የስንፍና መሸሸጊያ የሚያደርጉ አሉ። «እጸልይበታለሁ» ማለት «አላደርገውም» የሚለው ቃል ጨዋ አባባል የሆነባቸው ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። የእግዚአብሔር ትእዛዝ ግልጽ በሆነበት ስፍራ የሚጠየቅ አዲስ ጥያቄ የለም። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ ዳር የወደቀውን ሰው ባየ ጊዜ ምልክት አልጠበቀም፤ ቁስሉን አሰረ (ሉቃ. 10፥33-34)። የሠራተኛን ደመወዝ መክፈል፣ የታመመን መጠየቅ፣ የተበደለውን ወንድም ይቅርታ መለመን፣ እነዚህ አስቀድመው የተነገሩ ቃላት ናቸው። እዚህ ላይ ማዳመጥ ማለት መፈጸም ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም ለመስማት የፈጠንን እንድንሆን በመከረበት ምዕራፍ፣ ሰምቶ የማያደርግ ሰው ራሱን እንደሚያታልል ያስጠነቅቃል (ያዕ. 1፥19-22)።

እመቤታችን ድንግል ማርያም ለዚህ ምሳሌያችን ናት። የመልአኩን ቃል ሰማች፤ ያልገባትን ጠየቀች፤ ከዚያም ራስዋን የጌታ ባሪያ አድርጋ ሰጠች። ወንጌላዊው ወዲያው በሚቀጥለው ቁጥር ወደ ተራራማው አገር ፈጥና እንደ ወጣች ይነግረናል (ሉቃ. 1፥38-39)። ስለዚህ ያዳመጠ ሰው እግሩ አይከብድም። ወዴት እንደ ተላከ ያውቃልና በመንገድ አይወላውልም።

ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «እግዚአብሔር ነገረኝ» እያሉ በሌላው ሰው ላይ የሚፈርዱ፣ ገንዘብ የሚጠይቁ፣ ቤተሰብ የሚለያዩ ድምፆች በዘመናችን በዝተዋል። ሳሙኤል በሌሊት ሦስት ጊዜ ሲጠራ የሰማውን ድምፅ የዔሊ መስሎት ነበር፤ ማን እንደሚጠራው ያስተዋለለት ሌላው ሰው፣ አረጋዊው ካህን ነው (1ኛ ሳሙ. 3፥8)። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንደሚባለው፣ ስለ ራሳችን የሚነገረውን ብቻችንን በትክክል መስማት ይከብደናል። ስለዚህ ከእግዚአብሔር የመጣ ቃል ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አይጣላም፣ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት አያፈነግጥም፣ ከነፍስ አባትም ምክር አይሸሽም።

ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ይህን መለየት የተማሩት በሕመም አልጋ ላይ ነው። በ1521 እ.ኤ.አ. በፓምፕሎና ጦርነት እግራቸው ከቆሰለ በኋላ በተኙበት ወራት ስለ ጀግንነትና ስለ ክብር ሲያስቡ ደስ ይላቸው ነበር፤ ሐሳቡ ሲያልፍ ግን ልባቸው ይደርቅ ነበር። ስለ ክርስቶስና ስለ ቅዱሳን ሕይወት ሲያነቡና ሲያስቡ ደግሞ ደስታው ሐሳቡ ካለፈም በኋላ ይቀር ነበር። ከዚህም በመነሣት መናፍስትን ስለ መለየት ለቤተ ክርስቲያን ታላቅ ትምህርት ትተዋል። እኛም አንድ ውሳኔ በፊታችን ሲቀርብ በሚያስደስተን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ደስታው ካለፈ በኋላ በልባችን ምን እንደ ቀረ እንጠይቅ። ሰላም ነውን? ወይስ መረበሽና መድረቅ?

ሰምቶ የሚመሰክር

በግዕዝ ቋንቋችን ትልቅ ትምህርት ተሰውሮአል። «ሰምዐ» ማለት ሰማ ማለት ነው፤ ታዘዘም ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «ስምዕ» ማለትም ምስክርነት፣ «ሰማዕት» የሚለውም ስም ይወጣል። ስለዚህ በቋንቋችን ሰማዕት ማለት በሥሩ የሰማ ሰው ማለት ነው። ሳይሰማ የሚመሰክር ሐሰተኛ ምስክር ይባላል፤ በፍርድ ቤትም ይቀጣል።

ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ የሚሉአቸው፣ በ1839 እ.ኤ.አ. ዐድዋ በደረሱ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው ተማሪ ሆኑ። የሕዝቡን ቋንቋ ተማሩ፤ እንደ አገሩ መነኰሳት ለበሱ፣ ኖሩም፤ የግዕዝንም ሥርዓት አከበሩ። የላኩአቸው አለቆች ነበሩ፤ ወንጌሉም በእጃቸው ነበረ፤ ይሁን እንጂ ሕዝቡን ሳይሰሙ ለሕዝቡ መናገር አልወደዱም። በ1975 እ.ኤ.አ. ቅድስናቸው በቤተ ክርስቲያን ታወጀ።

በ1791 እ.ኤ.አ. በጐጃም የተወለዱት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ደግሞ ከገዳም ወደ ገዳም እየሄዱ መጻሕፍትን የመረመሩ ሊቅ መነኵሴ ነበሩ። በ1841 እ.ኤ.አ. ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ግብፅና ወደ ሮም ተጓዙ። ብዙ አዩ፤ ብዙም ጠየቁ። ይሁን እንጂ ልባቸው ያረፈበትን እርምጃ የወሰዱት ከዓመታት በኋላ በ1844 እ.ኤ.አ. ነው። የሰሙትን ቃል በችኰላ ስላልተቀበሉት በችኰላ አልተዉትም፤ በ1855 እ.ኤ.አ. በሰንሰለት ታስረው ሳሉ ዐረፉ፤ በ1926 እ.ኤ.አ. ብፅዕናቸው ታወጀ። ረጅም ማዳመጥ ጽኑ ምስክርነትን ወለደ።

ምን እናድርግ?

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፦ ትምህርት ስታዘጋጁ መጀመሪያ ደብተሩን አትክፈቱ። የዕለቱን ወንጌል ወስዳችሁ በቀስታ ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ በየትኛው ቃል ላይ ልባችሁ እንደ ቆመ ተመልከቱ፤ ስለዚያ ቃል ለጌታ ተናገሩ፤ ከዚያም ዝም በሉ። መነኰሳት ይህን ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይና በእግዚአብሔር ፊት ማረፍ ብለው ከጥንት ጀምሮ አስተምረውታል። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ለልጆቹ ምን እልላቸዋለሁ የሚለው ጥያቄ ጌታ ለእኔ ምን አለኝ ከሚለው ጥያቄ በኋላ ይምጣ። በክፍልም ውስጥ ልጆቹን ስሙአቸው፤ ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ መምህሩ ያላዳመጠውን የወንጌል ቃል የሚያነቃበት ጊዜ አለ።

ለቤተሰብ፦ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ዕለቱን በጌታ ፊት መልሳችሁ ተመልከቱ፤ የት እንደ ጠራችሁ፣ የት ሳትሰሙት እንዳለፋችሁ ጠይቁ። ትልቅ ውሳኔ ሲመጣ በተሰማበት ቀን አትቍረጡት። በመካከል አንድ እሑድ ይግባ፤ በዚያ ቅዳሴ ጉዳዩን ከመሥዋዕቱ ጋር አቅርቡት፤ ከቅዱስ ቁርባንም በኋላ ለመውጣት ሳትቸኩሉ በጸጥታ ቆዩ። ውሳኔው የሚነካው ልጅ ቢሆንም እንኳ ቃሉ ይሰማ።

ለቁምስና ምክር ቤቶች፦ ስብሰባን በጸሎት መክፈት ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ጸሎቱ በሩን እንደ መክፈት ያህል ብቻ ይሆናል። ከ2021 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የመላው ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ አጥብቀው ያሳሰቡን አንዱ ነገር እርስ በርስ በመደማመጥ መንፈስ ቅዱስን ማዳመጥ ነው። በሲኖዶሱ ላይ የተሠራበት መንገድ በየቁምስናው ሊሠራበት ይችላል፤ ጸሎትና ጸጥታ ይቀድማል፤ እያንዳንዱ በተራው ይናገራል፤ ሌላው አያቋርጠውም፤ ዳግመኛ ጸጥታ ይሆናል፤ ቀጥሎም እያንዳንዱ ከሌላው የሰማውንና ልቡን የነካውን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ይመከራል። በኋለኛው ወንበር ተቀምጦ የማይናገረው ሰው፣ መበለቲቱ፣ ወጣቱ በዚህ መንገድ ይሰማሉ። ካህኑም ከሁሉ በኋላ ቢናገር መልካም ነው።

በገባዖን የተሰማው ጸሎት

የገባዖን ታሪክ በሪጽፋ ዕንባ አላለቀም። ኢያሱ ገባዖናውያንን ለማኅበሩና ለእግዚአብሔር መሠዊያ እንጨት ቈራጮችና ውኃ ቀጂዎች አድርጓቸው ነበር (ኢያ. 9፥27)። ከብዙ ዘመን በኋላ የመገናኛው ድንኳን በዚያው በገባዖን ቆመ (2ኛ ዜና 1፥3)። የሰው ችኰላ ያበላሸውን ስፍራ እግዚአብሔር የመገናኛ ስፍራ አደረገው። ሳናዳምጥ በሠራነው ነገር ተስፋ ለምንቈርጥ ሁሉ ይህ ታላቅ መጽናናት ነው።

ወጣቱ ንጉሥ ሰሎሞን ወደዚያ ወጥቶ አንድ ሺህ የሚቃጠል መሥዋዕት አቀረበ። ይህ ብዙ ሥራ ነው። እግዚአብሔር ግን የተናገረው በሌሊት፣ ሥራው ሁሉ ካበቃ በኋላ፣ ንጉሡ በተኛ ጊዜ ነው። ምን እንዲሰጠው እንደሚፈልግ ጠየቀው። ሰሎሞንም ረጅም ዕድሜ ወይም ባለጠግነት አልለመነም። በዕብራይስጡ መጽሐፍ የለመነው ነገር ሰሚ ልብ ነው (1ኛ ነገ. 3፥9)። በጌልገላ ስለ ገባዖን ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ በገባዖን ተጠየቀ።

የተሰጠውም ሰሚ ልብ የመጀመሪያ ፍሬው ምን ነበር? ሰዎች የሚንቁአቸው ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ሕፃን እየተከራከሩ በፊቱ ቆሙ። ንጉሡ አልቸኰለም። ፍርድ ከመስጠቱ በፊት የሁለቱንም ቃል መልሶ ተናገረ፤ ይህችኛዋ እንዲህ፣ ያችኛዋም እንዲህ እንዳለች በየተራው ደገመ (1ኛ ነገ. 3፥23)። አዳምጦአቸዋልና። ከዚያም እውነተኛዋ እናት ታወቀች፤ ልጅዋም ዳነ። እግዚአብሔርን ለማዳመጥ የተከፈተ ልብ ለማንም የማይሰሙትን ሰዎች ይሰማል፤ በዚያ ማዳመጥም ሕይወት ይተርፋል።

እንግዲህ እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ሳትልከን የሄድንባቸውን መንገዶች ሁሉ በምሕረትህ ተመልከት፤ በእኛ ችኰላ የተጐዱትን አጽናና። ዛሬም በቃልህ፣ በቤተ ክርስቲያንህ፣ በድኾችህም ድምፅ ስትጠራን አቤት የምንልበትን ጆሮ ስጠን። ሰሚ ልብም ስጠን፤ የሰማነውንም እንድናደርግ ኃይልህ አይለየን። በአንድ ልጅህ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ፣ በመንፈስ ቅዱስ አንድነት፣ ዛሬም ዘወትርም ለዘለዓለም። አሜን።